ለመለካት ያልመጡት ሽማግሌዎች

አያ ጫኔን በዓይኔ ከማየቴ በፊት ሁለት ዓመት ያህል አውቃቸው ነበር። የደም ግፊታቸውን አውቃለሁ፣ ክብደታቸውን አውቃለሁ፣ ከወንበር ተነሥተው ጥቂት እርምጃ ሄደው ለመመለስ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅባቸው አውቃለሁ። ስማቸውን ግን አላውቅም። ለእኔ ኮምፒውተሬ ላይ ያሉ አንድ መለያ ቁጥር ነበሩ። በመጨረሻው ዙር ከዚያ ቁጥር ጎን የተሞላው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ «አልመጡም» ይላል።

ስመኝ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ዳንግላ ነው፤ የተማርኩት ደግሞ ስታቲስቲክስ። በዚያን ጊዜ እንጅባራ ውስጥ በአንድ የጤና ጥናት የመረጃ ተንታኝ ነበርኩ። ሥራዬን እወደው ነበር። ጠዋት ጉሙ ሳይገፈፍ ቢሮ እገባለሁ፤ ጋቢዬን ጉልበቴ ላይ ጣል አድርጌ ኮምፒውተሬን እከፍታለሁ፤ ቀና ስል መሽቷል። ሰው ከሚበዛበት ይልቅ ቁጥር የሚበዛበት ቦታ ይስማማኛል። ሰው ያጋንናል፣ ይደብቃል፣ ይረሳል፤ ቁጥር ግን ያየውን ይናገራል ብዬ አምን ነበር።

ጥናቱ ስለ እርጅና ነው። የደም ግፊት ያለባቸው አረጋውያን ከሚወስዱት ክኒን ላይ ሌላ አንድ ቢጨመርላቸው፣ ግፊታቸው ይበልጥ ዝቅ ሲል ጉልበታቸውና የማስታወስ ችሎታቸው ሳይደክም ይቆይላቸው ይሆን? ጥያቄው ይኸው ነበር። ተሳታፊዎቹ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ እውነተኛውን ተጨማሪ ክኒን ይወስዳሉ፤ ግማሾቹ መልኩ ተመሳሳይ ሆኖ መድኃኒት የሌለበትን። ማን የትኛውን እንደሚወስድ ሽማግሌዎቹም፣ ነርሶቹም፣ እኔም አናውቅም። ዝርዝሩ ታሽጎ ሌላ ቦታ ተቀምጧል። እኔ የማየው «ምድብ ሀ» እና «ምድብ ለ» የሚል ብቻ ነው። ሁሉም በየስድስት ወሩ ጤና ጣቢያ እየመጡ ይለካሉ።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ሰኞ ነው። ሐሙስ ጥናቱን የሚደግፉት ሰዎች ይመጣሉ፤ ዋናው ተመራማሪ ዶክተር መኮንን የመጀመሪያውን ውጤት ሊያቀርቡላቸው ነው። ውጤቱ ደግሞ ያማረ ነበር። የምድብ ለ ሽማግሌዎች ከምድብ ሀዎቹ ይልቅ ፈጠን ብለው ይነሣሉ፣ ፈጠን ብለው ይራመዳሉ። ዶክተር ወረቀቱን ይዘው ቢሮዬ ድረስ መጡና፣ «ስመኝ፣ እግዜር ይስጥሽ። የስንት ዓመት ልፋታችን ፍሬ አፈራ» አሉኝ።

እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ሠንጠረዡን ለመጨረሻ ጊዜ ሳጣራ ነው ያልመጡትን ሰዎች ለብቻቸው አውጥቼ ያየኋቸው። ያን ያህል ብዙ አልነበሩም። ነገር ግን በምድብ ለ በርከት ይላሉ፤ ደግሞም አብዛኞቹ በአዘና በኩል ካሉ ራቅ ያሉ ቀበሌዎች ናቸው።

«ዶክተር፣ እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው የቀሩት?»

«ቅጹ ላይ አለ እኮ። ወይ ቦታ ለቀዋል፣ ወይ ፈቃደኛ አልሆኑም።»

«በአንዱ ምድብ ለምን በዙ?»

«አጋጣሚ ይሆናላ። ሰው የማይቀርበት ጥናት የለም፤ ይህን የነገርሽኝ አንቺው ነሽ።»

«ልክ ነው። አጋጣሚ መሆኑን ግን ሄጄ ባየው ይሻለኛል።»

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና ሳቁ። «አንቺ? ለምሳ እንኳ ከቢሮ የማትወጪው ሴትዮ?» ከዚያ ጥቂት አሰቡ። «እሺ፣ ሂጂ። ረቡዕ ማታ ግን ያለቀለት ሪፖርት እጄ ላይ እንዲገባ።»

ማክሰኞ ጠዋት ሚኒባስ ያዝኩ። መንገዱ ሰላም የነበረበት ሳምንት ነው። ግራና ቀኙ ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ነው፤ የከሰል ጆንያ በየመንገዱ ዳር ተደርድሯል። አዘና ስደርስ ልየው ይጠብቀኝ ነበር። ልየው በዚያ በኩል ያሉትን ሽማግሌዎች የሚለካልን ነርስ ነው። በስልክ ብዙ ጊዜ አውርተናል፤ በአካል ስንተያይ ግን የመጀመሪያችን ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቦቲ ጫማ ያደረገ ሰው ነው።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ቁጭ ብለን ቅጾቹን አንድ በአንድ አወጣን።

«ልየው፣ ‘ፈቃደኛ አልሆኑም’ የሚለው ላይ ምልክት ያደረግከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ቤታቸው ሄደህ ጠይቀሃቸው ነው?»

እስክርቢቶውን ከፈተ፣ ዘጋ።

«እውነቱን ልንገርሽ? ቅጹ ላይ ያሉት ሳጥኖች ሦስት ናቸው። ሞተዋል፣ ቦታ ለቀዋል፣ ፈቃደኛ አልሆኑም። ‘መምጣት አቃታቸው’ የሚል ሳጥን የለም። ስልክ ብደውል ኔትወርክ የለም፤ አንዳንዱም ስልክ የለው። እኔ ደግሞ ክትባቱም ወላዱም በእኔ ላይ ነው። ገበያ የመጣ ጎረቤታቸውን ሳገኝ እጠይቃለሁ። ‘አልመጣም ብሏል’ ይለኛል። እኔም ምልክት አደርጋለሁ።»

ልቆጣው አፌን ከፍቼ ነበር። ወዲያው ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ መሆኔ ትዝ አለኝ። ሦስቱን ሳጥኖች በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ፣ ለትንተና እንዲመቸኝ ብዬ ነው ያወጣኋቸው።

«እንሂድና እንያቸው» አልኩት።

ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ነው። ሌሊት የዘነበው ዝናብ መንገዱን አጨቅይቶታል። እኩል መንገድ ላይ አንድ ወንዝ አለ፤ ድልድዩ አንድ ተጠርቦ የተጋደመ ግንድ ነው። ልየው እጄን ይዞ አሻገረኝ። እዚያ ማዶ ሆኜ ዞሬ ግንዱን አየሁት።

«ሽማግሌዎቹም በዚህ ነው የሚመጡት?»

«በሌላ በየት ይምጡ?» አለኝ።

ከዝርዝራችን የመጀመሪያው፣ የምድብ ለ ተሳታፊው አያ ጫኔ ቤት ስንደርስ እኩለ ቀን ሊሆን ነው። ባለቤታቸው እማማ ውድነሽ ደጅ ላይ የዘር ድንች ይለቅማሉ። አያ ጫኔ ከቤቱ ጥግ፣ መደብ ላይ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ፊታቸው የከሳ ግን ንጹሕ፣ ዓይናቸው ንቁ ነው። ደህና ሰው ናቸው፣ አልኩ በልቤ፤ በቃ ፈቃደኛ አልሆኑም ማለት ነው።

ልየው በአገውኛ ሰላምታ ሰጣቸው። እሳቸውም እኔን ሲያዩ፣ «ኖር!» ብለው ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«በእግዜር! ኧረ በእግዜር፣ አይነሡብኝ!» አልኩ።

ተነሥተዋል። ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ሊጨብጡኝ እጃቸውን ዘርግተው ሁለት እርምጃ ያህል ወደ እኔ መጡ። ከዚያ ፊታቸው አመድ መሰለ። ዓይናቸው እኔን ማየት ትቶ ከኋላዬ ያለ ሌላ ነገር የሚያይ መሰለኝ። እጃቸው እንደተዘረጋ ጉልበታቸው ከዳቸውና በጎናቸው ወደቁ። ቅንድባቸው የደጁን ድንጋይ ሲመታ ድምፁን ሰማሁት።

እኔ ቆሜ ቀረሁ። ስንት ጊዜ «ወድቀው ያውቃሉ? አዎ፣ አይደለም» የሚል ጥያቄ ጽፌአለሁ። ሰው ሲወድቅ ግን አይቼ አላውቅም።

«እግራቸውን ከፍ አድርጊው!» ልየው ጮኸ። «ስመኝ! እግራቸውን!»

ተንበርክኬ ሁለቱንም እግራቸውን ይዤ ከፍ አደረግኩ። ቀላል ነበሩ። ልየው ደሙን በጨርቅ ያዘ። ከሁሉ ያስደነገጠኝ የእማማ ውድነሽ አኳኋን ነው። አልጮሁም፣ ደረታቸውን አልመቱም። ድንቹን አስቀምጠው መጡና አጠገባችን ቁጢጥ አሉ።

«ይመለሳል» አሉ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል።»

ተመለሱም። ዓይናቸውን ገልጠው መጀመሪያ የተናገሩት፣ «እንግዳዋ እንዲህ መሬት ላይ ትቀመጥ? ውድነሽ፣ ቁርበት አምጪላት» የሚል ነው።

ልየው ቁስሉን አጥቦ አሰረላቸው። ከዚያ መለኪያውን አወጣና እንደተኙ ግፊታቸውን ለካ። ደህና ነው። አስቀምጦ ለካ። አሁንም ደህና ነው። እኔና እማማ ውድነሽ ግራና ቀኝ ደግፈን አቆምናቸውና እንደገና ለካ። ቁጥሩን አይቶ መለኪያውን ወደ እኔ አዞረው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የአንድ ሰው ግፊት እንዲህ ይወርዳል ብዬ አላስብም ነበር። ቶሎ መልሰን አስቀመጥናቸው።

«እኛ ሁልጊዜ ተቀምጠው ነው የምንለካቸው» አለኝ ልየው ቀስ ብሎ። «ተቀምጠው ደህና ናቸው።»

አጠገባቸው መደቡ ላይ ተቀመጥኩ።

«አያ ጫኔ፣ ማዞሩ ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ሁለተኛዋን ክኒን ከሰጣችሁኝ ወዲህ ነዋ። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ነበር፤ አሁን በተነሣሁ ቁጥር ሆነ።»

«እስካሁን ይወስዷታል?»

«አንድ ቀን አላስታጎልኩም። ውድነሽ በየወሩ ከጤና ኬላ ታመጣልኛለች።»

«እንዲህ እያደረገችዎት ለምን አልተዉአትም ታዲያ?»

ነውር እንደተናገረ ሰው አዩኝ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ከጋቢው አውጥተው አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ።

«ይኸን ጣት ወረቀታችሁ ላይ አኑሬአለሁ። እወስዳለሁ ብያለሁ። ለኋላ ልጆች ይጠቅማል አላችሁኝ። ስላዞረኝ ቃሌን ልብላ?»

«ወረቀቱ እኮ ‘በፈለጉ ጊዜ መተው ይችላሉ’ ይላል።»

«ማን ነገረኝ?»

ልየው መሬት መሬት አየ። «አንብቤላቸዋለሁ» አለ። «በአማርኛ ነው። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ቶሎ ቶሎ ነው ያነበብኩት።» ያን ወረቀት ያዘጋጀ ሁሉ፣ እኔን ጨምሮ፣ ሽማግሌዎቹ አፋቸውን የፈቱት በአገውኛ መሆኑን ያውቃል።

«ለመለካት ግን አልመጡም» አልኳቸው፤ የመጣሁበት ጉዳይ ትዝ ብሎኝ።

«በምን እግሬ ልምጣ፣ ልጄ? ያን ግንድ አይተሽው መጥተሻል። አንድ ቀን ወንዙ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።» ፈገግ አሉ። «እናንተም እኮ የምትለኩት አካሄድ ነው። መሄድ የቻለ ይመጣል፣ ይለካል። ያልቻለ እቤቱ ይቀመጣል። ከዚያ ምን ታውቃላችሁ?»

ይህ ስሕተት በትምህርታችን ስም አለው። ለተማሪዎች አስተምሬዋለሁ፤ ሰሌዳ ሙሉ ቀመር ጽፌበታለሁ። እዚያ መደብ ላይ ተቀምጬ ነው ግን የገባኝ። ምድብ ለን መድኃኒቱ አላፈጠነውም። የሚወድቁት እቤታቸው ሲቀሩ እኔ ከሠንጠረዡ አወጣኋቸው፤ የተረፉት ፈጣን መስለው ታዩ። ያማረው ውጤታችን የተሠራው እነዚህን ሰዎች በመርሳት ነው።

ለዶክተር ደወልኩ። ኔትወርክ የለም። ወደ አጥሩ ሄጄ፣ ጉብታው ላይ ወጥቼ ሞከርኩ። የለም። ስመለስ ልየው የክኒኑን ዕቃ ይዞ ተቸግሮ ቆሟል።

«ማስቆም ያለበት ዶክተሩ ነው» አለኝ። «እኔ ብቻዬን ባስቆም ደንቡን ጣስክ እባላለሁ። አንቺም አትችዪም።»

«ነገ ጠዋት ቢወስዱትና ቢወድቁስ?»

አያ ጫኔ ይሰሙን ኖሯል።

«እኔ ራሴ አልተውም» አሉ። «የገባሁት ቃል ለእናንተ ነው። እናንተው ፍቱኝ።»

ሦስቱም እኔን አዩኝ። በሕይወቴ ሰው ከእኔ እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። ነርስ አይደለሁም፣ ሐኪም አይደለሁም። ሥራዬ ሌሎች ያመጡትን መደመርና ማካፈል ነው።

«ፈትተንዎታል፣ አያ ጫኔ» አልኩ። «ተጨማሪዋን ክኒን ከዛሬ ጀምሮ አይውሰዱ። የድሮዋን ብቻ። ቃልዎን ጠብቀዋል፤ ያልጠበቅን እኛ ነን።»

ልየው በአገውኛ ደገመላቸው። ረጋ ብሎ፣ ሳይቸኩል። አያ ጫኔ ራሳቸውን ነቀነቁና አውራ ጣታቸውን ወደ ጋቢው መለሱ። እማማ ውድነሽ ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት።

በነጋታው ረቡዕ፣ ከዝርዝሩ ውስጥ መድረስ የምንችላቸውን ሌሎች አምስት ቤቶች አዳረስን። ሁሉም እንደ አያ ጫኔ አልነበሩም፤ ይህን በሐቀኝነት መናገር አለብኝ። አንዷ እውነትም ልጃቸው ዘንድ ጥሊሊ ሄደዋል። አንዲት እናት ደግሞ በእውነት ፈቃደኛ አልነበሩም፤ «ደሜን እየቀዳችሁ ወዴት ነው የምትወስዱት?» ብለው ከደጅ መለሱን። ሁለቱ ግን ወድቀዋል። አንደኛው እጃቸው ተሰብሮ ወጌሻ አሽቷቸዋል፤ ሌላኛው ለተፈጥሮ ጉዳይ እንኳ ልጃቸው እየደገፋቸው ነው የሚወጡት።

አምስተኛው ቤት የእማማ እንጉዳይ ነው። የምንፈልገው ባለቤታቸውን ነበር። ቅጹ ላይ «ቦታ ለቀዋል» ይላል።

«አዎ፣ ለቋል» አሉ እማማ እንጉዳይ። ቤተ ክርስቲያኑን የከበበውን ደን በእጃቸው አመለከቱን። «እዚያ ነው ያለው።»

ልየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ጎረቤታቸው ‘አሁን የለም’ ሲለኝ አገር የለቀቁ መስሎኝ ነው» አለኝ።

በአንድ ማኅበር ቀን ነው አሉን። ባለቤታቸው ከማኅበሩ ሲመለሱ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ፣ ውኃው ዳር አረፍ ብለው ኖሮ ሲነሡ ወደቁ። ጭንቅላታቸውን ድንጋይ መታቸው። ሰው ሲደርስ አልፈዋል።

«እንደ ሰው ሁሉ አንድ ጣሳ ጠላ ነው የቀመሰው» አሉ። «ግን ሰክሮ ወደቀ ተባለ። በለቅሶው ላይ ሳይቀር እንዲያ ተባለ። አርባ ዓመት አብሬው ስኖር ሰክሮ ቤቱ ገብቶ አያውቅም። ልጆቹ ሰው ፊት አንገታቸውን ደፍተው ቀሩ።»

«ከዚያ በፊት ያዞራቸው ነበር?»

«ጠዋት ሲነሣ ግድግዳ ይይዝ ነበር። ዕድሜ ነው ብለን ተውነው።»

መለያ ቁጥራቸውን አየሁ። ምድብ ለ። ነገር ግን ምድብ ለ እውነተኛው ክኒን ይሁን ባዶው በእርግጠኝነት አላውቅም፤ ስለማላውቀው ነገር ለአንዲት ባል የሞተባት ሴት ምን ልንገራት? «እግዜር ያጽናዎት» ብዬ ወጣሁ። ቃሉ አፌ ውስጥ ቀለለብኝ።

አዘና ገብተን ኔትወርክ ስናገኝ ለዶክተር ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። መጀመሪያ የተናገሩት፣ «በምን ሥልጣንሽ ነው መድኃኒት ያስቆምሽው?» የሚል ነው።

«በምንም ሥልጣን። ሰውዬው ፊት ለፊቴ ወደቁ፣ ዶክተር።»

«ስንት ሰው አየሽ?»

«ስድስት ቤት።»

«ስድስት! ስድስት ሰው ማስረጃ አይሆንም ብለሽ ስንቴ ነው የተከራከርሽኝ? አሁን በስድስት ሰው የዓመታት ሥራ ልጣል?»

«ለመደምደም አይበቃም። ለማቆም ግን ይበቃል። ነገ ጠዋት ያችን ክኒን የሚውጡ ብዙ ሰዎች አሉ።»

ድምፃቸው ጠፋ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ ላይ አንሥቼ አየሁት። አልተቋረጠም።

«እናቴ» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው፣ «ባለፈው ዓመት መታጠቢያ ቤት ወድቃ ነው ዳሌዋ የተሰበረው። አልነገርኩሽም።» ከዚያ ጠየቁኝ፤ «ነገ ለሰዎቹ ምን ልበላቸው?»

«እንደማናውቅ ይንገሯቸው።»

ነገሯቸው። በምን ዓይነት ፊት እንደነገሯቸው አብሬያቸው ስለነበርኩ አይቻለሁ፤ ዛሬም አከብራቸዋለሁ። በዚያው ዕለት ለየነርሱ ተደውሎ ተጨማሪው ክኒን ለጊዜው እንዲቆም ተደረገ። የታሸገው ዝርዝር በደንቡ መሠረት ተከፈተ። ምድብ ለ እውነተኛው መድኃኒት ነበር። ከዚያ ወዲያ ባሉት ወራት ያልመጡትን ሁሉ ቤታቸው ድረስ እየሄድን ለካን፤ ተቀምጠውም፣ ቆመውም። ከወደቁት መካከል ባዶውን ክኒን የሚወስዱም አግኝተናል፤ ሽማግሌ ሰው ያለ መድኃኒትም ይወድቃል። የበዙት ግን በዚያኛው ወገን ነበሩ። ያ ያማረ ውጤት ተገለበጠ። ደጋፊዎቹ ጥናቱን አልቀጠሉትም። የተወደሰ ጽሑፍ አላሳተምንም፤ ያሳተምነው መድኃኒቱ በእኛ ሽማግሌዎች ላይ ያደረገውን የሚናገር አጭርና ደረቅ ጽሑፍ ነው። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው።

አያ ጫኔ ማዞሩ በጥቂት ሳምንት ቀለለላቸው። በወሩ ገበያ አየኋቸው ብሎ ልየው ደወለልኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከእናንተ መካከል የእኔን ሥራ የምትሠሩ ካላችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ባዶ ቦታ ስታዩ ቶሎ አትዝለሉት፤ ሄዳችሁ እዩት። ሌሎቻችሁ ደግሞ ቤታችሁ ውስጥ ግድግዳ ይዘው የሚነሡ እናት ወይም አባት ካሉ፣ ዕድሜ ነው ብላችሁ አትለፉት። ስንት ዓይነት ክኒን እንደሚወስዱ ጠይቁ፤ ሐኪሙንም ቆመው እንዲለካቸው ንገሩት። ክኒናቸውን በራሳችሁ አታስቁሙ፤ ጠይቁ እንጂ። እኛ አገር ሽማግሌ አመመኝ ማለት ያፍራል፤ የገባውን ቃል ደግሞ አይበላም። እኔ ቁጥር ያየውን ይናገራል እል ነበር። ያላየውን ግን እንደሌለ ይቆጥረዋል፤ ይህን የሚያስተካክለው ሰው ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ ሽማግሌዎቹን ሰብስበን የሆነውን ለመንገር ወሰንን። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አድርገን አናውቅም ነበር፤ ውጤት የሚነገረው ለትልልቅ ሰዎች ነው። በቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰቡ። ልየው በአገውኛ ተናገረ፤ እኔም ሲጠይቁ መለስኩ። ልንበተን ስንል ከኋላ አንዲት ሴት ተነሡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እማማ እንጉዳይ ናቸው።

«የእኔ ባል የትኛው ነበር?» አሉ።

ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩና፣ «እማማ፣ ለብቻችን ልንገርዎት፤ ይህ የእርስዎ ጉዳይ ነው» አልኳቸው።

«አይደለም» አሉ። «እዚሁ ንገሪኝ። የተባለውም ሰው ፊት ነው።»

ስታቲስቲክስ ስለ ብዙ ሰዎች እንጂ ስለ አንድ ሰው አይናገርም። ያን ዕለት ውኃው ዳር ምን እንደሆነ የትኛውም ቀመር አይነግረኝም። ልዋሽላቸው አልፈለግኩም፤ በማላውቀው ተሸሽጌ ዝም ልልም አልፈለግኩም።

«እውነተኛውን ክኒን ይወስዱ ነበር» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ። «ክኒኑ ሰው ከተቀመጠበት ሲነሣ ያዞራል፣ ይጥላል። የዚያን ዕለት አልነበርኩም፤ በእርግጥ ያ ነው የጣላቸው ልል አልችልም። ጠዋት ግድግዳ ይይዙ ነበር ብለውኛል፤ እሱ ከስካር አይመጣም። ይህን እኛ ቀድመን ልንነግራችሁ ይገባን ነበር። አልነገርናችሁም። ይቅርታ።»

ልየው ወደ አገውኛ መለሰው። እማማ እንጉዳይ እስኪጨርስ ቆመው አዳመጡ። ከዚያ እኔን ትተው ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞሩ፤ ፊታቸውን ከአንዱ ወደ አንዱ ወሰዱ።

«ሰማችሁ?» አሉ።

ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ተነሡና ቆባቸውን አወለቁ። ቀጥሎ ሌላው። እማማ እንጉዳይ ነጠላቸውን አስተካክለው በዝግታ ተቀመጡ።